ሽማግሌ ዘጠኝን ቁረጪው

ይድረስ ለእኅቴ ለሠናይት፣ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ከተለያየን ሦስት ሳምንት ሆነን፤ በነዚህ ሦስት ሳምንታት እንደምን አለሽ? ራስሽን እንዴት ነው? ያ ስትናደጂ የሚነሣብሽ ጨጓራሽስ? ባለቤትሽ ቃለአብ እንዴት ከረመ? ትንሿ ልጅሽ በእግሯ ቆመች ወይስ ገና በጉልበቷ ወለሉን ትጠርግልሻለች? ሐይቁስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እናታችን ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ይቆረጥማቸዋል። በሬዎቹ ደህና ናቸው። በጎቹ ደህና ናቸው። ጉናም እንዳለ ነው፤ ትናንት ጉም ለብሶ ዋለ እንጂ የትም አልሄደም። መቀመጫ ያጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዙርና ልመለስበት።

አስቀድመሽ ይህን ጽሕፈት አይተሽ አድንቂልኝ። የማን እጅ ይመስልሻል? የኔ የወንድምሽ የማሩ እጅ ነው! የማታ ትምህርቱን ባለፈው ወር ጨረስኩ። ከሠላሳ አራት ጎልማሳ አንደኛ ወጣሁ። ሚስቴ እመቤት «ሁለተኛ ነው የወጣኸው» ትላለች፤ አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ግን በልጅነቷ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራ የረሳች ናት፣ እኔ አልቆጥራትም። መምህራችን ደብተሬን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ሁሉ እያሳየ «የማሩ ፊደል እንደ ደህና በሬ ነው፣ ከመስመር አይወጣም» አለ። ያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ ደብተሩን በእጄ እንደያዝኩ ሄድኩ፣ ሰው እንዲጠይቀኝ ብዬ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴው እያስቆምኩ ነገርኳቸው።

እስከ ዛሬ በኔ ስም የደረሰሽን ሁሉ የጻፈው ዲያቆን ትንሣኤ ነበር። እኔ «ቀይዋ በግ መንታ ወለደች በላት» እለዋለሁ፤ እሱ «በአምላክ ቸርነት መንጋችን በዝቷል» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ መነኮስክ እንዴ?» ብለሽ የመለስሽልኝ ትዝ ይልሻል? ያን ሁሉ ዓመት ከዲያቆን ትንሣኤ ጋር ነው የተጻጻፍሽው። ዛሬ መሐላችን ማንም የለም።

ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። ሃያ ጊዜ ደውያለሁ። በኔ ስልክ አታነሺም። በእመቤት ስልክ ስደውል «ሃሎ» ትያለሽ፤ ድምፄን ስትሰሚ ይቋረጣል። እናታችን ከገበያ በተመለስኩ ቁጥር «ደወለች?» ይሉኛል። እኔም «ኔትወርክ የለም» እላቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለዚህ አገር ኔትወርክ የከለከልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽና በስልክ ባገኝሽም የሚረባ ነገር አልናገርም ነበር። ሰው ዝም ሲለኝ እፈራለሁ፤ ስፈራ ደግሞ ቀልድ እወረውራለሁ፤ አንቺ ትስቂያለሽ፤ ከዚያ ሁለታችንም ነገሩን ሳናነሣው እንለያያለን። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። አሁንም ሁለቴ ተነሥቼ ደጅ ወጥቼ ተመለስኩ። ዝናቡ አልጀመረም። በሬዎቹም እዚያው ናቸው። ምን ልፈልግ እንደወጣሁ አላውቅም።

በይ ወደ ፊልምሽ ልግባ። የሠራሽውን ለአንቺው መተረኬ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን አንቺ ያየሽው ከካሜራው ጀርባ ሆነሽ ነው፣ እኔ ደግሞ የታየ ቀን ደብረ ታቦር በተከራያችሁት አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ስሙ «ማስጠንቀቂያ 2150» ይላል። ዘመኑ 2150 ነው። ጉና ደርቋል። ሰው ሁሉ የሚያብረቀርቅ የብር ወረቀት ለብሷል፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። እኔ ሽማግሌ ዘጠኝ ነኝ። ከሰማይ ሮቦት ይወርዳል፤ ሆዱ ጀሪካን፣ ዓይኑ የባጃጅ መስታወት። ሮቦቱ የሰው ልጅ ውሃን እንዴት እንዳባከነ ንግግር ያደርጋል። እኛ «ውሃ ሕይወት ነው» እንላለን። ሁለተኛ ንግግር ያደርጋል። እኛ አሁንም «ውሃ ሕይወት ነው» እንላለን። ሴቶች ዋይ ዋይ ይላሉ። ሮቦቱ ጉሮሮውን ጠርጎ ሦስተኛውን ይጀምራል።

ቀረጻው ላይ ሳለን ነግሬሽ ነበር። «እኅቴ፣ እኔ ሽማግሌ ዘጠኝ ጠዋት ስነሣ ምን እሠራለሁ? ሚስት አለችኝ? ከማን ጋር ተጣልቻለሁ?» ብዬ ጠየቅኩሽ። «ጋሼ፣ እሱ አያስፈልግም፣ አንተ የሰው ልጅን ነው የምትወክለው» አልሽኝ። እኔ አንድ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አራት በሬዎች ያሉኝ ሰው ነኝ፤ የሰው ልጅን በሙሉ ተሸከም ስባል ወገቤን ያዘኝ። ከዚያ በራሴ ሐሳብ አንዲት ትንሽ ነገር ጨመርኩ። ባዶ ቅል አንሥቼ፣ አንቀርቅሬ፣ አንዲት ጠብታ እስክትወርድ ምላሴን አውጥቼ ጠበቅኩ። ቀራጮቹ ሁሉ ሳቁ። አንቺ «መልእክቱን ታበላሻለህ» ብለሽ ቆረጥሽው። ሁሉም የሚስማሙበት ምርጥ ትርኢቴ ነበር፤ ተቆርጦ ቀረ። አልቀየምኩም ብዬሽ ነበር። ተቀይሜ ነበር።

ደብረ ታቦር በወረድኩ ቁጥር ቪዲዮ ቤት ጎራ እንደምል ታውቂያለሽ። ስለሰማይ መርከብና ስለሚመጣው ዘመን የተሠሩትን ስንቱን አይቻቸዋለሁ፣ በዚህ ነገር በወረዳው የሚወዳደረኝ የለም። አንድ ጊዜ ያየሁት ሰውዬ ዓለም ባዶ ሆና ብቻውን ቀርቷል፤ የሞተች ሚስቱን አንድ እግር ጫማ በጉያው ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ለማን እንደሚያሳያት እንኳ አያውቅም። አንድም ምክር አልሰጠኝም። ቤቴ ስደርስ ግን «እመቤት፣ ጫማሽ የት አለ?» አልኳት፤ ይህ ሰው ጠጥቶ መጣ ብላ አፌን አሸተተችኝ። በሌላ ቀን ያየሁት ደግሞ እሳት፣ መርከብ፣ ጦርነት፣ ሁሉም አለው፤ ግን ከማለቁ በፊት አንድ ሸበቶ ፕሮፌሰር ወጥቶ ዓለም የጠፋችው በምን ምክንያት እንደሆነ ዘርዝሮ አስረዳን። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ አንኮራፋ። ዓለም እየጠፋች እንቅልፍ! ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ማን እንደጠፋ አልነገሩትማ።

እንግዲህ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሮቦትሽ ሦስተኛውን ንግግር ሲጀምር እንዲሁ ሆነ። ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። ከኋላዬ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስልካቸውን አወጡ። እኔ ደግሞ ብር ወረቀት ለብሼ እዚያ ሸራው ላይ ቆሜ አየሁና አፈርኩ። ለአንቺም አፈርኩ። ስፈራ ምን እንደማደርግ ነግሬሻለሁ። ተነሣሁና «አንተ ሮቦት፣ ውሃ ከሌለ ጉሮሮህ እንዴት አልደረቀም?» ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመዋል? አንዱ «ስብከቱ ካለቀ ጸበል ርጩን!» አለ። ሌላው «ቁጥር ዘጠኝ፣ ተራህ ደርሷል፣ መስኮት ሦስት ቅረብ!» አለኝ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እጅ ስነሣ ዞር ብዬ በሩ ጋ ቆመሽ አየሁሽ። ፊትሽን አይቼዋለሁ፣ እታለም። በማግሥቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሮጬ መጣሁ፤ ሚኒባሱ ወጥቶ ነበር።

እናታችን ይህን አያውቁም ነበር። «ሰዉ እንዴት ተቀበላት?» ሲሉኝ «ሳቀ» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ደስ አላቸውና ለጎረቤት ሁሉ «የልጄ ፊልም አሣቀ» እያሉ አወሩ። ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ ካሜራ የያዘልሽ የፎቶ ቤቱ ፋሲል ደወለልኝ። ቃለአብ አግኝቶት፣ ካሜራሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ ቁም ሣጥን ላይ እንደሰቀልሽው፣ ሰኔ አሥራ ሰባት ሐዋሳ ላይ ልታሳዪው የነበረውንም ልትሰርዢው እንደሆነ፣ «አገሬም አልመለስም» እንዳልሽ ነገረው። በነጋታው በእግሬ ገሳይ ወረድኩ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ፋሲል ሱቅ ደረስኩ። እዚያ ያየሁትን ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት። ከአንቺ የደበቅኩት ነገር አለ፤ እናታችንም ደብቀውሻል፤ መንደሩ በሙሉ ደብቆሻል።

ጥር ላይ የለቅሶውን ትርኢት የቀረጽሽበትን ቀን አስቢው። ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለሻል። ሴቶቹን ሰብስበሽ «ውሃ ሞቷል፣ አልቅሱ» አልሽ። እናታችን አስለቃሽ አይደሉ? ሥራቸውን በደንብ ሊሠሩልሽ ፈልገው እንደወጉ መጠየቅ ጀመሩ። «ማን ይባላል? የማን ወገን ነው? ምን ትቶ ሄደ?» አንቺም «እማ፣ ውሃ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ውሃ» አልሻቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ተብሎ አይለቀስም፣ አንድ በአንድ ነው እንጂ። ስሙን ካልነገርሽኝ እንባው ከየት ይመጣል?» አሉሽ። ጊዜ አልነበረሽም፣ ፀሐይዋ ልትሸሽሽ ነው። «እንግዲያው ግጥሙ ይቅር፣ ዋይ ዋይ በሉ ብቻ» አልሽ። አሉልሽ። ንፋስ ገባበት፣ ደገሙት። ውሻ ጮኸበት፣ ደገሙት። ስድስት ጊዜ ዋይ አሉ። ከዚያ ባትሪው ሊያልቅ ነው ብለሽ ልታስሞዪ ገሳይ ወረድሽ። አንቺ የምታውቂው እዚህ ድረስ ነው።

ያ ስድስት ጊዜ የተጮኸ ዋይታ የት ሄደ መሰለሽ? ንፋሱ ወደ ማዶ ነበር። አንቺ ከወረድሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀና ብል ሸንተረሩን የሞላ ሰው ይወርዳል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቶቹ ወገባቸውን ታጥቀው፣ እንጀራና ዳቦ በመሶብ ተሸክመው። ከፊት የማዶው አያ ካሳሁን ናቸው፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ያንን ገደል ወርደው ወጥተው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ደግሞ ከእግሬ እስከ ራሴ ብር ወረቀት ለብሻለሁ። ሲያቅፉኝ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። ቀና ብለው አዩኝና «ማሩ፣ ምነው በቆርቆሮ ተጠቀለልክ? ኀዘኑ እንዲህ አደረገህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣሁ። እነሱ ድንኳኑን አዩ፣ ገቡ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲቷ ሴትዮ መሶቧን የሮቦቱ ክንድ ላይ ሰቀለች፤ መስቀያ መስሏት ነው። ከዚያ ሁሉም ማን እንደሞተ እስኪነገራቸው ጠበቁ።

ማንም አልሞተም ማለት ነበረብን። ሰው እንጀራ ተሸክሞ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ እንባውን ይዞ መጥቶ «ጨዋታ ነው፣ ተመለሱ» ሊባል ነው። እኔ መሬቷ ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ እናታችን ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና «እንግዶቼ፣ ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ። የሞተችው እሜቴ ናት። ከሞተች ሦስት በጋዋ ነው፤ እስከ ዛሬ ያለቀሰላት የለም» አሉ።

እሜቴ ምንጭን ታስታውሻለሽ፤ ከቤታችን ጓሮ፣ ከድንጋዩ ሥር የምትወጣዋ። ሦስት ዓመትሽ ሳለ ራስሽን አዘንብለሽ ገብተሽባት አባታችን በእግርሽ የጎተቱሽ። እናታችን እሷን ማልቀስ ጀመሩ። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ አቧራቸውን ያጠቡባትን፣ የአባታችንን በቅሎ ያጠጡባትን፣ አንቺን ያወጡባትን፣ አንድ በአንድ በየስሙ ጠሩ። የያዝኩትን ልጻፍልሽ፣ አሁን መጻፍ እችላለሁና፦

በሙሽርነቴ ያጠብሽኝ እግሬን፣
ለማን ልንገር ዛሬ የሆዴን ችግሬን።

ማዶዎቹ ተቀበሉ። ለካ እነሱም ያውቋታል፤ አያ ካሳሁን ወጣት ሳሉ ሚስታቸውን መጀመሪያ ያዩዋት እሷው ጋ እንስራ ስትሞላ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሞቱባቸውን ሚስታቸውንና ምንጯን አንድ ላይ አለቀሱ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። እውነተኛ ለቅሶ ሆነ፣ እታለም። ሦስት ጊዜ ንግግር ተደርጎ አንድ ሰው ያልነካው ያ የአንቺ ነገር፣ ያው ራሱ፣ በስሙ ሲጠራ ሰዉን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ እናታችን ወደኔ ዞሩ። ወደኔ እንደዞሩ ሁሉም አየ።

በሽታ አልገደለሽ ባዳ አልመጣብሽ፣
የኔው ልጅ ነው እንጂ ዛፍ የተከለብሽ።

ባሕር ዛፉን ከምንጯ ራስጌ የተከልኩት እኔ ነኝ። ከስምንት ዓመት በፊት። ታውቂያለሽ፤ በበዓል መጥተሽ «ጋሼ፣ ይህ ዛፍ ውሃ ይጠጣል» ስትዪኝ «ይጠጣ፣ እኔ ጠላ እጠጣለሁ» ብዬሽ ሁላችንም ሥቀናል። በዓመት በዓመት እያነሰች ሄደች። ከሦስት በጋ በፊት ደረቀች። ዛሬ እመቤት አንድ ሰዓት ወርዳ ከወንዝ ትቀዳለች። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጀሪካን በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑ አንድ ቀልድ እፈልጋለሁ። እናታችን ስምንት ዓመት ስለ ዛፉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያን ቀን በግጥም ተናገሩኝ። እኔም ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ብር ወረቀቱን እንደለበስኩ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን። አያ ካሳሁን ናቸው ያነሡኝ።

በኋላ እንጀራው ተበላ፣ ሰዎቹ መርቀውን ሄዱ። አንቺ ስትመለሺ ድንኳኑ ባዶ ነበር። እናታችን «ልጄ የሐሰት ለቅሶ አስጠራች እንዳይባል፣ አንድ ሰው እንዳይነግራት» ብለው ቃል አስገቡን። ለአንቺ ብለው ነው። እኔ ግን ሌላ ምክንያት ነበረኝ። ፋሲል ካሜራውን በሦስት እግሩ እንዳቆመው ትቶት ነበር፤ ቀይዋ መብራት አልጠፋችም። ባትሪዎቹን አንቺ ብትወስጂም አንዷ ካሜራው ላይ ቀርታ ነበር፤ በእሷ ያን ሁሉ ቀርጿል። አየሁት። ጎትቼ ወደ ጎን ወሰድኩትና «አጥፋው» አልኩት። «እኔ በዚህ አገር በሳቅ ነው የምታወቀው፤ ይህንን ሰው አይቶት መኖር አልችልም» አልኩት። እሺ አለኝ።

ባለፈው ረቡዕ ሱቁ ደርሼ «ያን ነገር እውነት አጠፋኸው?» ስለው ሣቀብኝ። «አጥፋው ያለኝን ሁሉ ብሰማ ኖሮ ግማሹ የደብረ ታቦር ሠርግ ጠፍቶ ነበር» አለኝ። ከካሜራሽ ላይ ያጠፋው ለራሱ ገልብጦ ነው። ኮምፒዩተሩን ከፈተና ሁለታችን ተቀምጠን አየነው። አርባ ደቂቃ ነው። ግማሹን ሥዕል የሮቦቱ እግር ከልሎታል። ድምፁ ላይ ንፋስ አለ። መሶቡ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ግን እናታችን ሲነሡ ፋሲል እጁን አፉ ላይ አደረገ። ሱቁ ፎቶ ሊነሣ የገባ አንድ የማናውቀው ሰውዬ ቆሞ እስከ መጨረሻው አየና «የማን ፊልም ነው?» አለን። ፋሲል «የሠናይት» አለው። «መቼ ነው የሚታየው?» አለ። ፋሲል ፍላሽ አውጥቶ ገለበጠልኝ።

ቤት ተመልሼ ሁሉንም ለእናታችን ነገርኳቸው፤ አዳራሹን፣ ቀልዴን፣ በሩ ጋ የቆምሽውን፣ ኔትወርኩን። «ያን ያህል ሰው ፊት ጮኽክባት?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ሁለት ቀን አላነጋገሩኝም። ትናንት ግን ጠርተውኝ «ላክላት። ስሟን በክፉ ከሚያነሡባት እውነተኛው ይታይ» አሉ። ከበር ልወጣ ስል ደግሞ «ነጠላዬ ተዛንፎ እንደሆነ ግን አይተሃል?» አሉኝ። አልተዛነፈም በላቸው ብሎ ፋሲል ምሏል።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሚያመጣልሽ ከሙሉቀን እጅ አንድ ትንሽ ነገር ተቀበዪ፤ የሞላን ልጅ ሙሉቀንን ታውቂዋለሽ፣ ሐዋሳ ሥራ የያዘውን። ፍላሹን እመቤት በቆዳ ሰፍታዋለች፣ ክታብ ይመስላል፤ አንገትሽ ላይ አታስሪው፣ ኮምፒዩተር ላይ ሰኪው። እስከ ሰኔ አሥራ ሰባት አምስት ሳምንት አለሽ። እኔ ፊልም ተቆርጦ እንዴት እንደሚቀጠል አላውቅም፤ ብዙ ነገር አውቃለሁ፣ ይህን ግን አላውቅም። የማውቀው አንቺ ለመናገር የፈለግሽው ነገር ትክክል እንደነበረ ነው። ከስምንት ዓመት በፊትም ትክክል ነበርሽ። ሰው እንዲሰማሽ የጎደለሽ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ስሙን የደበቅኩብሽ ደግሞ እኔ ነኝ።

ዛፎቹን መቁረጥ ጀምሬያለሁ። ከአርባው ሃያ ሰባቱ ወድቀዋል። ጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ሥሩን እየቆፈርኩ ነው፤ ሥሩ የት እንደሚደርስ ብታዪ ትገረሚያለሽ፣ ከኔ ጉራ ይረዝማል። እመቤት «ለቤቱ ማገር የታሰበ ነበር» ብላ አንድ ቀን አኮረፈች፣ በሁለተኛው ቀን ዶማ ይዛ መጣች። ዛሬ እሑድ ስለሆነ መጥረቢያ አይነሣም፤ ለዚህ ነው እጄ ብዕር ያገኘው። ምንጯ ተመለሰች ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ጽፌውም ነበር፤ እዚህ ላይ የተሰረዘውን መስመር ታዪዋለሽ። አልተመለሰችም። የግብርናው ባለሙያ «ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ብሎኛል። ከድንጋዩ ሥር በየጠዋቱ እጄን አስገብቼ እዳብሳለሁ። ደረቅ ነው። ነገም እዳብሳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሽማግሌ ዘጠኝን ቁረጪው። ሙሉ በሙሉ። ያን «ውሃ ሕይወት ነው» የሚለውን ሁሉ፣ ቆሞ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ቁረጪ፣ አልቀየምም፤ ብቀየምም አልነግርሽም። የቅሉንም ትርኢት አልጠይቅሽም፣ እዚያው በተጣለበት ይቅር። ድንኳኑ ውስጥ ተንበርክኮ የሚያለቅሰውን ሰውዬ ግን አትቁረጪው። መጀመሪያ ላይ አስቀያሚ ነው፣ አፍንጫውን በብር ወረቀት ይጠርጋል፣ ሐዋሳ ሙሉ ይሥቅበት ይሆናል። ይሣቅበት። ከሥሩ ደግሞ ቁጥር አትጻፊበት። ማሩ ብለሽ ጻፊ፤ ዛፉን የተከለው ማሩ።

እናታችን ጉንጮቿን ሳምልኝ ብለዋል፤ ለጉልበታቸው የምትልኪላቸው ቅባት እንዳለቀም ነግረውኛል፣ ይህን እንዳትጽፍ ብለውኝ ነው የጻፍኩት። እመቤት «በርትታ ትሥራ፣ ሌላ ለቅሶ ካስፈለጋት እኔም የማለቅስላቸው ዘመዶች አሉኝ» ትላለች። ልጆቼ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ብለውሻል፤ ትልቁ ፊደሌን አርሞልኛል፣ ሦስት ስሕተት ብቻ ነው ያገኘው፣ ከነሱም ሁለቱ የብዕሩ ናቸው። አያ ካሳሁን «የዚያች የምንጭ ልጅ ደህና ናት?» ብለው በየገበያው ይጠይቁሻል። ዲያቆን ትንሣኤ ሥራ ፈትቷልና እሱም ሰላም ይልሻል። ለቃለአብ ወንድማዊ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ትንሿን ልጅሽን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ቆማ መሄድ ስትጀምር ወዴት እንደምታመጫት ታውቂያለሽ። እስከዚያው ስልኩ ሲጠራ አንሥተሽ ዝም ብትዪ እንኳ ይበቃኛል። እኔም ዝም እላለሁ። መቻሌን እንጃ እንጂ እሞክራለሁ።

ወንድምሽ ማሩ፣ በገዛ እጁ።

ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር
ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.